«ማስተካከያ» ምን ማለት ነው? የኮሚት መልእክት አጻጻፍ

ለአንድ ክሊኒክ በሠራነው የታካሚዎች መመዝገቢያ ውስጥ ሐን እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ፀን ወደ ጸ የምትመልስ አጭር ፈንክሽን (አንድ ሥራ የምትሠራ የኮድ ቁራጭ) ነበረች። የጻፍኳት እኔ ነኝ። የኮሚት መልእክቷ፣ ማለትም የኮድ ለውጡ ሲመዘገብ አብሮ የተጻፈው ማስታወሻ፣ «ማስተካከያ» ይላል፤ ሌላ ምንም የለውም። ከዓመት በኋላ አዲስ የተቀጠረ ባልደረባዬ አያትና «የሰው ስም ለምን ይበላሻል?» ብሎ ሰረዛት። ከመሰረዙ በፊት የኮዱን የለውጥ ታሪክ በሚይዘው በጊት፣ እያንዳንዱ መስመር በየትኛው ኮሚት እንደገባ በሚያሳየው ጊት ብሌም በሚባል ትእዛዝ ምክንያቷን ፈልጎ ነበር፤ ያገኘው ያችኑ «ማስተካከያ» ነው። በማግስቱ የካርድ ክፍል ሠራተኞች «ፀሐይ» ተብላ የተመዘገበችን ሴት «ጸሀይ» ብለው ፈልገው አጧትና ሁለተኛ ካርድ አወጡላት። ልጁን ምን ብዬ ልውቀሰው?

ዛሬ ቢሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦

የስም ፍለጋ፦ ሞክሼ ፊደላትን እንደ አንድ ቁጠር

«ፀሐይ» ተብሎ የተመዘገበ ስም «ጸሀይ» ተብሎ ሲፈለግ አይገኝም ነበር። አሁን በፍለጋ ጊዜ ብቻ ሁለቱንም ወደ አንድ ፊደል እንመልሳለን። የተመዘገበውን ስም ራሱን መቀየርም ታስቦ ነበር፤ ከመታወቂያው አጻጻፍ ጋር ስለሚጋጭ ተውነው።

(ስሙን ለምሳሌ ያህል የቀየርኩት ነው። የታካሚ ስምም ሆነ የይለፍ ቃል መልእክት ውስጥ አይገባም፤ የኮሚቶቹ ታሪክ ኮዱን በቀዳ ሰው ሁሉ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል።)

ምን እንደተቀየረ ኮዱ ራሱ ያሳያል። ችግሩ ምን እንደነበረና የትኛው መንገድ ለምን እንደተተወ ግን አያሳይም። በተለይ የተተወውን መንገድ ጻፉ፤ አለዚያ ቀጣዩ ሰው «ይህን እንዴት አላሰቡትም?» ብሎ በዚያው ይሄዳል።

በጊት ኮሚት ትእዛዝ ላይ ሰረዝ ኤም (-m) ብሎ አንድ ቃል መለጠፍ ይቅር። ጊት ኮሚት ብቻ በሉና በሚከፈተው መጻፊያ ላይ አርእስቱን፣ ከሥሩ አንድ ባዶ መስመር፣ ከዚያ ማብራሪያውን ጻፉ። ሊነስ ቶርቫልድስ በ1997 ዓ.ም. ጊትን የጀመረው ለሊኑክስ ከርነል (ለሊኑክስ ስርዓተ ክወና እምብርት) ነው፤ እዚያ ለውጥ የሚላከው በኢሜይል ስለሆነ የኮሚቱ አርእስት የኢሜይሉ አርእስት ይሆናል። ባዶው መስመር ከቀረ ጊት ማብራሪያውን ከአርእስቱ ጋር ያጣብቀዋል።

አርእስት በ50፣ የማብራሪያ መስመር በ72 ፊደል ይወሰን የሚባለው ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም። በአማርኛ ለሚጽፍ ግን የአርእስቱ ማጠር የበለጠ ያስፈልጋል። የእንግሊዝኛ የትእዛዝ ዓረፍተ ነገር ከግስ ይጀምራል፤ የእኛ ግስ መጨረሻ ላይ ነው። ረጅም አርእስት ሲቆረጥ «ጨምር» ይሁን «አጥፋ» የሚለው ቃል አብሮ ይቆረጣል። እኔ የተነካውን ክፍል አስቀድሜ ሁለት ነጥብ አደርግና ግሱን ቶሎ አመጣለሁ። ቡድኑ አማርኛ አንባቢ ከሆነ፣ ከተሰባበረ እንግሊዝኛ የጠራ አማርኛ ይሻላል ባይ ነኝ።

አርእስቱ ውስጥ «እና» ከገባ ብዙውን ጊዜ ሁለት ኮሚት ነው። ጊት አድ ሰረዝ ፒ ለውጡን ቁራጭ በቁራጭ እየጠየቀ ያስመርጣችኋል።

መልእክቱ ካላማራችሁ፣ ለሌሎች ከመላካችሁ በፊት በጊት ኮሚት ሰረዝ ሰረዝ አሜንድ አርሙት። ከላካችሁት በኋላ ግን ተዉት፤ የኮሚቱ መለያ ቁጥር ስለሚለወጥ የባልደረቦቻችሁን ሥራ ታውካላችሁ። የእኔም «ማስተካከያ» እስከ ዛሬ እዚያው አለ።