ቀብድ ስትከፍሉ ይህችን ዓረፍተ ነገር አስጨምሩ

ባሕር ዳር ቤት ልትገዙ ነው? አባይ ማዶም ይሁን ጣና ዳር፣ ደላላው «ሌላ ገዢ አለ፣ ቶሎ ቀብድ ጣል አድርጉ» ማለቱ አይቀርም። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የቤቱ ማኅደር (የሰነዶቹ ፋይል) ሲታይ የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ ይገኛል። ልተወው ስትሉ ቀብዱ ቀለጠ ትባላላችሁ።

ስለዚህ የቀብዱ ወረቀት ላይ ይህን አስጽፉ፦ «በቤቱ ላይ ዕዳ ወይም እገዳ ከተገኘ፣ ወይም የሻጭ የትዳር ጓደኛ በሽያጩ ካልተስማማ፣ ቀብዱ ሙሉ በሙሉ ለገዢ ይመለሳል።»

በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 መሠረት ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ከተወ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ይህ የሚሆነው ግን ሌላ ስምምነት ከሌለ ነው። ያቺ ዓረፍተ ነገር ስምምነቷ ናት። ንጹሕ ሻጭ ለመፈረም አያቅማማም። ካንገራገረ፣ እኔ ብሆን ማኅደሩ እስኪጣራ አምስት ሳንቲም አልሰጥም።

የትዳር ጓደኛውን ነገር በተለይ አትናቁት። የጋራ ቤት ያለ ሁለቱ ፈቃድ አይሸጥም።

ይህ ሁሉ ካርታ ላለው የከተማ ቤት ነው። በዘንዘልማ ወይም በዘጌ በኩል የእርሻ መሬት ግዙ ከተባላችሁ ምንም ወረቀት አያድናችሁም፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም።