የጋዝ ኪክን ገና ሲጀምር ማወቅ፦ ከውኃ ጉድጓድ ወደ ጋዝ ጉድጓድ ለሚሻገሩ የጎንደር ባለሙያዎች

በጎንደርና በዙሪያዋ፣ ከአዘዞ እስከ ደንቢያ ሜዳ ድረስ፣ የውኃ ጉድጓድ ሲቆፍር የኖረ ባለሙያ አንድ የለመደው ምልክት አለ። ጠንካራውን ጥቁር ድንጋይ ሲፈጭ የቆየው ቢት (የመቆፈሪያው ጫፍ) ድንገት ከፈጠነ፣ ከጉድጓዱ አፍ የሚወጣውም ከበረታ፣ ውኃ ተገኘ ይባላል፤ የአካባቢው ሰውም እልል ይላል። ይኸው ምልክት በነዳጅና በጋዝ ጉድጓድ ላይ ሥራ የሚያስቆም ማስጠንቀቂያ ነው። እንደ ካሉብ (እ.ኤ.አ. በ1973 የተገኘ) ወዳሉ የሶማሌ ክልል የጋዝ መስኮች ሄደው መሥራት የሚያስቡ የእኛ ልጆች አስቀድመው ሊለውጡት የሚገባው ልማድ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ኪክ የሚባለው በዓለቱ ቀዳዳዎች ውስጥ ታምቆ የኖረ ጋዝ፣ ዘይት ወይም ውኃ ሳይፈለግ ወደ ጉድጓዱ ሲገባ ነው። እንዳይገባ የሚከለክለው በመጀመሪያ ደረጃ የቁፋሮው ጭቃ፣ ማለትም በፓምፕ ወደ ጉድጓዱ ገብቶ የሚመለሰው ፈሳሽ፣ ክብደት ነው። ጭቃው ከታች የሚያሳርፈው ግፊት በባር ሲለካ፣ የጭቃው እፍግታ (በኪሎግራም በሊትር) በቀጥተኛው ጥልቀት በሜትርና በ0.0981 ተባዝቶ ይገኛል፤ እፍግታው 1.20 የሆነ ጭቃ በ3,000 ሜትር ላይ ወደ 353 ባር ያህል ይጫናል ማለት ነው። ዓለቱ የያዘው ግፊት 360 ባር ከሆነና ዓለቱ ፈሳሽ የሚያሳልፍ ከሆነ፣ የ7 ባር ልዩነት ብቻ ጋዙን ለማስገባት ይበቃል። ልዩነቱ የሚፈጠረው ጭቃው ቀሎ ሲገኝ፣ ጭቃው በተሰነጠቀ ዓለት ውስጥ ጠፍቶ ከፍታው ሲወርድ፣ ቧንቧ ሲወጣ ጉድጓዱ በበቂ ሳይሞላ ሲቀር፣ ወይም ቧንቧው በፍጥነት ተስቦ እንደ መርፌ ፒስተን ከታች ያለውን ሲመጥ ነው።

ጋዝ ከሌሎቹ የሚከፋው ወደ ላይ ሲወጣ ስለሚሰፋ ነው። ከላይ ባለው ጉድጓድ ታች 1 ሜትር ኩብ ጋዝ ገባ እንበል። በቀላል ስሌት 1,500 ሜትር ላይ ሲደርስ 2 ሜትር ኩብ ገደማ ይሆናል፤ 750 ሜትር ላይ 4፣ ከዚያ በኋላ ግን በመጨረሻዎቹ ጥቂት መቶ ሜትሮች በፍጥነት እየተባዛ ከምድር ወለል ሲደርስ በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ኩብ ይሆናል። ስለዚህ ከጉድጓዱ የሚመለሰው ጭቃ የሚጠራቀምበት ገንዳ ጭማሪ በጣም ትንሽ ሆኖ የሚታየው ልንቆጣጠረው በምንችልበት ሰዓት ነው፤ በግልጽ ሲታይ ጊዜው እያለፈ ነው። የገባው ጋዝ በበዛ ቁጥር ደግሞ ጉድጓዱ ሲዘጋ በኬሲንጉ (የጉድጓዱን ግድግዳ በሚደግፈው የብረት ቱቦ) በኩል የሚነበበው ግፊት ከፍ ይላል፤ ከኬሲንጉ እግር በታች ያለው ዓለትም ሊሰነጠቅ ይችላል።

የመለየቱ ሥራ መሠረት የሂሳብ ሚዛን ነው፤ በፓምፕ የገባው ጭቃ ያህል መመለስ አለበት። የፓምፑ ፍጥነት ሳይለወጥ በመመለሻው መስመር የሚወጣው ከጨመረ፣ ይህ ከሁሉም ቀድሞ የሚታየው አስተማማኝ ምልክት ነው። የገንዳው መጠን መጨመር ያንኑ ያረጋግጣል፣ ግን ትንሽ ዘግይቶ ነው። በአየር ኮምፕረሰር ብቻ ሲቆፍር ለኖረ ሰው ይህ የጭቃ ሂሳብ አዲስ ሙያ ስለሆነ፣ በየፈረቃው መጀመሪያ የእያንዳንዱን ገንዳ መጠን በእጁ ይጻፍ፤ የማስጠንቀቂያ ደወሉ የሚጮህበትን ገደብም ደወሉን ዝም ለማሰኘት ብሎ አያስፋው። ከገንዳ ወደ ገንዳ ጭቃ የሚያዛውር ወይም ውኃ የሚጨምር ሰው አስቀድሞ ለድሪለሩ (የቁፋሮ መሣሪያውን ለሚያንቀሳቅሰው ባለሙያ) ሳያሳውቅ ቫልቭ መክፈት የለበትም። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 20 ቀን 2010 በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ 11 ሠራተኞች በሞቱበት የዲፕዋተር ሆራይዘን አደጋ፣ ፈሳሽ በአንድ ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይዛወር ስለነበር የገንዳውን ሂሳብ መከታተል አስቸጋሪ ሆኖ እንደነበር በምርመራው ተገልጿል።

ቢቱ ድንገት ሲፈጥን፣ ምክንያቱን ለመገመት ሳይሞከር ቁፋሮው ይቁም። ቢቱ ከታቹ ይነሣ፣ የቧንቧው መጋጠሚያ ከመዝጊያው (የጉድጓዱን አፍ ከሚዘጋው መሣሪያ) ፊት ለፊት እንዳይሆን ተደርጎ ይስተካከል፣ ፓምፑ ይጥፋ፣ ከዚያም አንድ ሰው የመመለሻውን መስመር በዓይኑ ይመልከት። ፓምፕ ሲጠፋ በቧንቧዎች ውስጥ የቀረው ጭቃ ለጥቂት ደቂቃ መፍሰሱ የተለመደ ነው። ለዚህም ነው ቧንቧ በተቀጠለ ቁጥር ስንት ሊትር ፈስሶ በስንት ደቂቃ እንደቆመ መመዝገብ የሚያስፈልገው፤ የዛሬው ፍሰት ከተለመደው ከበለጠ ወይም ካልቆመ ጉድጓዱ እየፈሰሰ ነው። በዘይት በተሠራ ጭቃ ውስጥ ጋዙ ስለሚሟሟ እስከ ላይኛው ክፍል ድረስ ሊደበቅ ይችላልና፣ እዚያ ምልከታው ረዘም ይበል።

ብዙ ሰው ቁፋሮው ሲቆም አደጋውም የቆመ ይመስለዋል። ቧንቧ የሚወጣበት ሰዓት ግን፣ በእኔ እምነት፣ ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻ ነው። የተለመደው የ5 ኢንች የቁፋሮ ቧንቧ ብረቱ ብቻ በሜትር 4 ሊትር ገደማ ቦታ ይይዛል፤ 28 ሜትር የሚሆን አንድ ስታንድ (ሳይፈታታ በአንድ ጊዜ የሚወጣ የተጋጠመ ቧንቧ) ሲወጣ ጉድጓዱ ወደ 110 ሊትር፣ አምስት ሲወጣ ወደ 550 ሊትር ጭቃ መውሰድ አለበት። ቧንቧ ሲወጣ ጉድጓዱ የሚሞላበት ትንሽ ገንዳ በሆነው በትሪፕ ታንኩ ንባብ የወሰደው 400 ሊትር ብቻ ከሆነ፣ የጎደለውን 150 ሊትር ቦታ ሌላ ነገር ይዞታል። በዚህ ጊዜ መጎተቱ ይቁም፣ ፍሰት መኖሩ ይታይ፤ ባይፈስ እንኳ ቧንቧው ተመልሶ ወደ ታች ይውረድና ጭቃው ይዙር። ፍሰት የለም ብሎ መጎተትን መቀጠል ጋዙን የበለጠ መምጠጥ ነው። ከታች መነሣት ሳይጀመር፣ ቢቱ ኬሲንጉ እግር ሲደርስ፣ ወፍራሞቹ ቧንቧዎች ከመዝጊያው ከማለፋቸው በፊትም ጉድጓዱ ይፈተሽ።

ሌሎቹ ምልክቶች ደጋፊ ናቸው። የፓምፑ ግፊት ቀስ በቀስ ወርዶ ምቱ ሊፈጥን ይችላል፤ ነገር ግን በቧንቧ ላይ የተፈጠረ ቀዳዳም እንዲሁ ያደርጋል። ቧንቧ በተቀጠለ ቁጥር የሚመጣው ጋዝ እየጨመረ ከሄደ፣ በወንፊቱ ላይም ረዘም ያለና ሹል ስብርባሪ ከበዛ፣ የዓለቱ ግፊት ወደ ጭቃው ግፊት እየተጠጋ ሊሆን ይችላል።

በአገራችን ታላቅ ባለበት ታናሽ ቀድሞ አይናገርም፤ ይህ መልካም ሥርዓት በሪግ (በቁፋሮው ማማና መሣሪያ) ላይ ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። ገንዳ የሚጠብቀው ልጅ «ጋሼ፣ ገንዳው እየጨመረ ነው» ሲል ድሪለሩ ወዲያው ሊያቆምለት፣ ምልክቱ ሐሰት ሆኖ ቢገኝም ሊያመሰግነው ይገባል። ድሪለሩም ጉድጓዱን ለመዝጋት የማንንም ፈቃድ መጠበቅ የለበትም።

ጉድጓዱ መፍሰሱ ከታየ ሌላ ማረጋገጫ አይፈለግም፤ ይዘጋል። በቁፋሮ ላይ ከሆነ ቧንቧው ተነሥቶ ፓምፑ ከጠፋ በኋላ መከላከያ መዝጊያው ይዘጋል። ቧንቧ በማውጣት ላይ ከሆነ ግን የቧንቧው አፍ ክፍት ስለሆነ፣ አስቀድሞ ክፍት የደኅንነት ቫልቭ ይገጠምበታል፤ ቫልቩ ሲዘጋ መዝጊያው ይከተላል። ይህ ቫልቭ ከቧንቧው ክር ጋር የሚገጥም መሆኑ ተረጋግጦ፣ ከመፍቻው ጋር ሁልጊዜ በሪጉ ወለል ላይ ይቀመጥ። ከተዘጋ በኋላ ፍሰቱ መቆሙ ይታይና፣ የቧንቧው ግፊት፣ የኬሲንጉ ግፊት፣ ገንዳው የጨመረው መጠንና ሰዓቱ ግፊቱ እስኪረጋጋ ድረስ በየደቂቃው ይመዝገብ።