«የ15 ነው» የተባለው ጎማ፦ ላገለገለች ስፖርት መኪና ጎማና የፍሬን ሸራ ስንመርጥ

ቶዮታ ሴሊካዋን ስገዛ ልቤን የወሰደው ጎማዋ ነበር። ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ፣ ጥርሱ ያልተነካ። ሻጩ ቁጢጥ ብሎ ጎኑ ላይ የታተመውን ቁጥር በስልኩ መብራት አሳየኝ፤ 1215። «የ15 ነው ጋሼ፣ ገና ሁለት ዓመቱ» አለኝ። ጊዜው 2017 ዓ.ም. ስለነበር ሒሳቡ ልክ መሰለኝ። የሰኔ ዝናብ ሲጀምር ከጎሃ ቁልቁል ወደ ከተማ ስወርድ ፍሬን ያዝኩ። ጎማው ቆመ፣ መኪናዋ ግን መንሸራተቷን ቀጠለች። ከፊቴ የነበረ ባጃጅ ለትንሽ ተረፈ።

ጎንደር ላይ ቁልቁለቱ ፍሬን ይበላል፣ ጉድጓዱ ጎማ ይበላል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ፣ እነዚህ አሮጌ ባለ ሁለት በር ኩፔዎች ገና ብዙ ዓመት አብረውን መቆየታቸው ነው። ስለዚህ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት መኪናዋ ምን እያለች እንደሆነ ስሟት።

ጥርሱ ሙሉ ነው፣ ዝናብ ላይ ግን ይንሸራተታል

ምክንያቱ ዕድሜ ነው። «ዶት» (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ ያሉት አራት አሃዞች ጎማው የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ። ዓመቱ ግን የፈረንጅ ነው! 1215 ማለት የ2015 አስራ ሁለተኛው ሳምንት ነው፤ በእኛ መጋቢት 2007። የእኔ «ሁለት ዓመት» አስር ዓመት ሆኖ ተገኘ። ሻጩ ሊያታልለኝ ፈልጎ ይሁን እሱም ተታሎ፣ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ላስቲክ ቢነዳም ባይነዳም ያረጃል፣ ይደርቃል። ሲደርቅ እርጥብ አስፋልት አይጨብጥም። በቅባት ስለሚወለወል በዓይን አይለይም። ጥርሶቹን በጣታችሁ ከፈት አድርጉና ሥራቸውን እዩ፤ ቀጫጭን ስንጥቅ ካለ ተዉት። እኔ ከስድስት ዓመት ያለፈ ጎማ በምንም ዋጋ አልገዛም። አስር ዓመት የሞላው ደግሞ ለስኮርታም አይሆንም። የአራቱንም ጎማ ቁጥር ለየብቻ አንብቡ፣ ምክንያቱም አንዱ አዲስ ሆኖ ሦስቱ ሽማግሌ የሚሆኑበት ጊዜ አለ።

ጥርሱ ሲያልቅማ ጎማው ራሱ ይናገራል። በቦዩ ውስጥ ያለችው ጉብታ ከጥርሱ ጋር እኩል ከሆነች 1.6 ሚሊሜትር ብቻ ቀርቶታል፣ አለቀ። እኔ ግን ክረምት ከመግባቱ በፊት 3 ሚሊሜትር ላይ እቀይራለሁ።

ጉድጓድ ከመታ በኋላ ጎኑ ላይ እብጠት ወጣ

እንቁላል የምታህል እብጠት ካያችሁ ውስጡ ያለው ክር ተበጥሷል። ጎሚስታው «በውስጥ ልጣፍ እናደርግለታለን» ቢላችሁም እሺ አትበሉ። ሲፈነዳ አያስጠነቅቅም።

መነሻው ብዙ ጊዜ የጎኑ ማጠር ነው። የጎማ ቁጥር ሲነበብ 205/50 አር 16 ማለት ወርዱ 205 ሚሊሜትር፣ የጎኑ ከፍታ የዚያ 50 በመቶ፣ ቸርኬው 16 ኢንች ነው። ጎኑ 102 ሚሊሜትር ተኩል ይሆናል። እኔ ወደ 195/60 አር 15 ወረድኩ። ጎኑ 117 ሚሊሜትር ሆነ፣ አጠቃላይ ቁመቱ ግን የተለወጠው 4 ሚሊሜትር እንኳ በማይሞላ ነው። የፍጥነት መቁጠሪያው አልዋሸም፣ ኮብልስቶን ላይ ደግሞ ጀርባዬ አረፈ። ጓደኞቼ «ስፖርትነቷን ገፈፍካት» ብለው ሳቁብኝ፤ ይሳቁ። ትንሹን ቸርኬ ከመግዛታችሁ በፊት ግን አንዱን ከፊት አስገጥማችሁ በእጅ አዙሩት። ፍሬኑን የሚነካ ከሆነ አይሆንም፤ ፍሬናቸው ትልቅ የሆነ መኪኖች ላይ ያጋጥማል።

ከቸርኬው ቁጥር ቀጥሎ 91ቪ የመሰለ ጽሑፍ አለ። 91 አንድ ጎማ 615 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው፣ ቪ ደግሞ እስከ 240 ኪሎ ሜትር በሰዓት። ፒያሳ ላይ 240 ማን ይነዳል ትሉ ይሆናል። ፊደሉ ግን ሙቀት መቻሉንም ስለሚነግር በሹፌሩ በር ላይ ከተለጠፈው ቁጥርና ፊደል በታች አትውረዱ።

ሁለት አዲስ ጎማ ካስገባሁ በኋላ ጀርባዋ መወርወር ጀመረ

አዲሶቹን ከፊት አስገብታችኋል። ሁሉም እንዲህ ያደርጋል፣ «የምትጎትተው በፊት እግሯ ነው» ይላል ጎሚስታው። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። የፊት ጎማ ሲንሸራተት መኪናዋ ቀጥ ብላ ትሄዳለች፣ እግራችሁን ከነዳጅ ስታነሱ ትመለሳለች። የኋላው ሲለቅ ግን ትዞራለች፤ ከዞረች በኋላ መመለስ የሚችል ሹፌር ጥቂት ነው። ስለዚህ ሁለት ብቻ መግዛት ከቻላችሁ አዲሶቹ ከኋላ ይግቡ። የፊትና የኋላ ልኳ የተለያየ መኪና ከሆነች ማቀያየሩ አይቻልም። ጎኑ ላይ ቀስት ያለበትም ጎማ በቀስቱ አቅጣጫ ይገጠም።

ያልተስተካከለ አበላል ካያችሁ አዲሱን ከማስገባት በፊት ምክንያቱን አጥፉ። ሁለቱም ጠርዝ ካለቀ ንፋሱ አንሷል፣ መሐሉ ካለቀ በዝቷል፣ የውስጥ ጠርዙ ብቻ ሊሾ ከሆነ አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከል) ያስፈልጋል፣ እዚህም እዚያም ጎድጎድ ካለ ሾኩ ደክሟል።

ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ከዳኝ

ከደባርቅ ወደ ሊማሊሞ የወረደ ሰው ይህን ያውቀዋል። መጀመሪያ የተቃጠለ ሽታ፣ ከዚያ መርገጫው ሌላ ነገር ይሆናል። ምን እንደሆነ እግራችሁ ይለየው።

መርገጫው ጠንካራ ሆኖ መኪናዋ ካልቆመች የጋለው ሸራው ነው። መርገጫው ለስላሳ ሆኖ ወደ ታች ከሰመጠ ደግሞ የፍሬን ዘይቱ ፈልቷል። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ 205 ዲግሪ ድረስ ይችላል፤ እርጥበት ሲጠጣ ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ዶት 4 ከ230 ወደ 155። ስለዚህ ውድ ሸራ ገዝቶ የአምስት ዓመት ዘይት ላይ መንዳት ገንዘብ መጣል ነው። በየሁለት ዓመቱ ዘይቱን ቀይሩ፣ አየሩንም በደንብ አስወጡ። ዶት 5 ግን ሲሊኮን ስለሆነ አትቀላቅሉት።

እዚያው መንገድ ላይ ከደረሰባችሁ ዳር ያዙና አቀዝቅዙ። ውሃ አትድፉበት፣ የጋለ ዲስክ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። ቁልቁለትን ደግሞ በምትወጡበት ማርሽ ውረዱ።

ሸራውን ስትመርጡ ጀርባው ላይ የታተሙትን ሁለት ፊደላት ፈልጉ። የመጀመሪያው በመደበኛ ሙቀት፣ ሁለተኛው ሲግል ያለውን አያያዝ ይናገራል። አያያዙ በቁጥር ሲለካ ኤፍ ከ0.35 እስከ 0.45፣ ጂ ከ0.45 እስከ 0.55 ነው፤ ከፍ ያለው በደንብ ይይዛል። ሁለተኛው ፊደል ከመጀመሪያው ያነሰ ሸራ ለእኛ ቁልቁለት አይሆንም። የእሽቅድምድም ሸራም ስሙ አያጓጓችሁ፤ ካልጋለ አይዝም፣ ጠዋት ከቤት ስትወጡ ደግሞ ቀዝቃዛ ነው። እኔ ከፊል ብረት ያለበትን እመርጣለሁ። ትንሽ ይጮኻል፣ ቸርኬውን ያጠቁራል፣ ግን ሙቀት ይችላል።

ደባርቅ ላይ መርገጫው ከወትሮው ከበድ ብሎ ግን የሚይዝ ከሆነ ሸራውን አትውቀሱ። ፍሬኑን የሚያግዘው ክፍል የሚሠራው በአየር ግፊት ልዩነት ስለሆነ፣ አየሩ ሲሳሳ እገዛውም ይቀንሳል።

ፍሬን ስይዝ መሪው ይንቀጠቀጣል፣ ወይም ይጮኻል

የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የዲስኩ ውፍረት አንድ ዓይነት አይደለም። ቶርኖ ቤት ከመውሰዳችሁ በፊት ዝቅተኛው ውፍረት ዲስኩ ላይ ተጽፏልና ለኩ፤ ከዚያ በታች ከሆነ ሌላ ግዙ። ዲስኩ የሚቀመጥበት ዝገት ካለው ወይም ቡሎኖቹ እኩል ካልጠበቁ አዲሱም ይንቀጠቀጣል።

ቀጭን ፉጨት ሸራው ሊያልቅ ሲል ዲስኩን የምትነካው የብረት ምላስ ድምፅ ናት፤ ገና ቀን አላችሁ። ብረት ለብረት ሲፋጭ ግን ዲስኩም እያለቀ ነው። ወደ አንድ ጎን ከጎተተች የሁለቱን ጎን ሸራ አስወጥታችሁ አስተያዩ። አንዱ ብቻ ካለቀ ሸራውን የሚገፋው ክፍል ነክሶ ቀርቷል፤ ይታጠብ፣ ይቀባ።

አዲስ ሸራ ሲገባ ወዲያው ወደ ዳገት አትሂዱ። መኪና በማይበዛበት ማለዳ ወደ አዘዞ ወጣ ብላችሁ፣ ፍሬን እየያዛችሁ ፍጥነቷን ከ60 ወደ 10 ኪሎ ሜትር በሰዓት ስምንት ወይም አስር ጊዜ ቀስ እያላችሁ ቀንሱ፤ ሙሉ በሙሉ ግን አትቁሙ። ሽታ ይመጣል፣ አትደንግጡ። ስትመለሱ ፍሬን ሳትነካኩ ንፋስ እንዲያገኘው ንዱና ቤት ስትደርሱ የእጅ ፍሬኑን ሳትስቡ በማርሽ አቁሟት።