ለሁለት ሰው ብቻ የሚከብድ ሥራ፦ ዋናውን ሸራ ስናወርድ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ሸራ ሲሰቀል ሁሉም ጎበዝ ነው። ጣጣው ሲወርድ ነው። በአሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ ባለችው የቼሳፒክ ቤይ ባሕረ ሰላጤ ላይ በትንንሽ የሸራ ጀልባ ከሚወጡት ብዙዎቹ ባልና ሚስት ወይም ሁለት ጓደኛሞች ናቸው። አንዱ መሪ ይይዛል፣ ሌላው ገመድ ይጎትታል፤ ሦስተኛ እጅ የለም። ስለዚህ ሥራው የሚያልቀው በጉልበት ሳይሆን በቅደም ተከተል ነው። ገመዱ ከመለቀቁ በፊት ያልተዘጋጀ ነገር ከተለቀቀ በኋላ አይስተካከልም።

ቡሙን ሳይደግፉ ሸራውን መልቀቅ። ይሄንን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም፤ በየዓመቱ አየዋለሁ። ቡም የሸራው የታች ጠርዝ የሚያርፍበት አግዳሚ ዘንግ ነው። ሸራው ተወጥሮ እስካለ ድረስ ቡሙን ከፍ አድርጎ የያዘው ራሱ ሸራው ነው። ሸራው ሲለቀቅ የሚተካው ነገር ከሌለ ቡሙ ቁልቁል ይወርዳል። የሚወርደው ደግሞ መሪ የያዘው ሰው በተቀመጠበት በኩል ነው!

ከምሰሶው አናት ተነስቶ የቡሙን ጭራ የሚይዝ ገመድ አለ፤ ቶፒንግ ሊፍት ይባላል። በጉዞ ላይ ላላ ብሎ ይቆያል፣ ምክንያቱም ከጠበቀ የሸራውን ቅርጽ ያበላሻል። እስከዚህ ድረስ ልክ ነው። ከማውረድ በፊት ግን መልሶ መወጠር አለበት፣ ሰውም የሚረሳው ይቺን ነው። በደንብ መወጠሩን በዓይን ማረጋገጥ ይቻላል። የቡሙ ጭራ ትንሽ ከፍ ይላል፣ የሸራው የኋላ ጠርዝም ይላላል። ይሄን ሳታዩ ሸራውን የሰቀለውን ገመድ አትንኩ። ጀልባችሁ ቡሙን ከታች የሚደግፍ ጠንካራ ቫንግ ካላት እሰየው፤ እሱም ቢሆን እንደሚሠራ ወደብ ላይ ፈትሹት።

አንድ ጊዜ ከቶማስ ፖይንት መብራት ቤት ብዙም ሳንርቅ በሰው ጀልባ ላይ ተጋብዤ ነበር። ሚስት መሪ ይዛለች፣ ባል ምሰሶው ስር ቆሟል። «ልልቀቀው?» አላት። «ልቀቀው» አለችው። ቡሙ ትከሻዋን መታት። ራሷን ቢያገኛት ኖሮ ምን እንደሚሆን ማሰብ አልፈልግም። ከዚያ ወዲህ ጀማሪ አብሮኝ ሲወጣ ከማውረዳችን በፊት «ቡሙን ማን ያዘው?» ብሎ ጮክ ብሎ እንዲጠይቀኝ አደርጋለሁ። «ገመዱ» ብዬ እስክመልስለት ሸራው ባለበት ይቆያል።

የጀልባዋን አፍንጫ ወደ ነፋስ አለማዞር። ሸራው ነፋስ እንደሞላው ሲወርድ ከጎን ገመዶቹ ጋር ይጣበቃል፣ ምሰሶው ላይም ይነክሳል። ሞተሩን በዝግታ ወደፊት አስኪዱ፣ ቡሙን የሚገዛውን ገመድ አላሉ፣ ሸራው ሲውለበለብ ያኔ አውርዱ። ሞተር ከማስነሳታችሁ በፊት ግን ግራና ቀኙን እዩ። ውሃ ውስጥ የሚጎተት ገመድ ካለ ፕሮፔለሩ ይጠመጥመዋል፣ ያኔ ሸራም ሞተርም የላችሁም።

ሸራው ከወረደ በኋላ ቡሙን መሃል ላይ አምጥታችሁ የሚገዛውን ገመድ አጥብቁት። እየተወዛወዘ ባለ ቡም ላይ ሸራ አይታሰርም።

የሰቀላ ገመዱ ጫፍ ላይ የስምንት ቁጥር ቋጠሮ ይኑር። ሌላኛውን ጫፍ ከሸራው ስትፈቱት ደግሞ መንጠቆው ከእጃችሁ እንዳይወጣ፤ ካመለጠ ምሰሶ መውጣት ነው።

ሸራው መሃል መንገድ ላይ ሲይዝ ጉልበት መጨመር። አትታገሉት። የሚንሸራተትበትን ሐዲድ በንጹህ ውሃ እጠቡ፣ ሲደርቅ ደረቅ ማለስለሻ ስፕሬይ ንፉበት። ግሪስ የሚቀቡ አሉ፤ ግሪስ አቧራና ጨው ይሰበስባል፣ ሸራውንም ያቆሽሻል። ሸራው አናት ላይ ቀጭን ገመድ አስራችሁ ወደ ታች ብታወርዱት ደግሞ ሳትንጠራሩ ትስቡታላችሁ።

ሌዚ ጃክ ስላለን ምንም አንሆንም ማለት። ከቡሙ በላይ ግራና ቀኝ የተዘረጉት እነዚህ ገመዶች የሚወርደውን ሸራ ሰብስበው ይይዛሉ፣ ለሁለት ሰው ትልቅ እፎይታ ናቸው። ሲሰቀል ግን ሸራው ቅርጹን እንዲይዝ ውስጡ የሚገቡት ቀጫጭን ዘንጎች ጫፍ ይሰነቀርባቸዋል። ከመስቀላችሁ በፊት አላልታችሁ ወደ ምሰሶው አስጠጓቸው።

መዘግየት። ሰመር ላይ ቼሳፒክ ከሰዓት በኋላ ጠባይዋ ይቀየራል። ከምዕራብ ጥቁር ደመና ይነሳል፣ አየሩ ጸጥ ይላል፣ ከዚያ ነፋሱ በደቂቃዎች ውስጥ 40 ኖት (በሰዓት 74 ኪሎ ሜትር ገደማ) ሊደርስ ይችላል። የቤዩዋ አማካይ ጥልቀት 6.4 ሜትር ብቻ ስለሆነ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ነው፤ ምሰሶ ስር ቆሞ መሥራት ይከብዳል። አንዳንዱ ጀማሪ ቀድሞ ማውረድ ፈሪነት ይመስለዋል። ወዳጆቼ፣ ደመናው ሩቅ ሳለ አውርዱት። ካለፈ መልሳችሁ ትሰቅሉታላችሁ። ወደ ምሰሶው ስትሄዱም የደህንነት ቀበቷችሁን ጀልባዋ ላይ እሰሩ። ውሃ ውስጥ የወደቀን ሰው አንድ ሰው ብቻውን ማውጣት እጅግ ከባድ ነው።

ማሰሪያዎቹን ካቢን ውስጥ መተው። ኪስ ውስጥ ይሁኑ። የብረት መንጠቆ ያለው ላስቲክም ይቅርባችሁ፤ ሲያመልጥ ዓይን ላይ ነው የሚያርፈው።

ባሕር ላይ አሳምሮ ማጠፍ። ማዕበል እየናጣቸው ሸራ አስተካክለው ሊያጥፉ የሚታገሉ ሰዎችን ሳይ ልቤ ይሰጋል። እዚያ የሚያስፈልገው ሰብስቦ በሦስት ቦታ ጥፍር አድርጎ ማሰር ነው። ወደብ ገብታችሁ ስትታሰሩ የኋላ ጠርዙን ወደ ጭራው እየሳባችሁ አንዴ ግራ፣ አንዴ ቀኝ እያደረጋችሁ ቡሙ ላይ እጠፉት። አንዱ ከምሰሶው በኩል፣ ሌላው ከጭራው በኩል ሆኖ እኩል ቢስብ በጥቂት ደቂቃ ያልቃል። ከዚያ ሸፍኑት፤ ዳክሮን ከሚባለው የፖሊስተር ጨርቅ የተሠራ ሸራን ዕድሜ የሚበላው ፀሐይ ነው። ዝናብ አግኝቶት ከሆነ ደግሞ በቀጣዩ ፀሐያማና ነፋስ በሌለው ጠዋት ሽፋኑን ገልጣችሁ አድርቁት፣ አለበለዚያ ይሻግታል።