የፍሪጅ ማራገቢያ ሞተር ሲበላሽ፦ ጋዝ ከማስሞላት በፊት ሊታይ የሚገባው

ፍሪዘሩ ሥጋውን እንደ ድንጋይ አጠንክሮ ይዞ ሳለ ታች የተቀመጠው ወተት በማግስቱ ሲበላሽ፣ ትናንት የተሠራው ወጥ ሲሆመጥጥ፣ ጎመኑም ሲጠወልግ፣ ከባለሙያም ከጎረቤትም አስቀድሞ የሚሰማው ፍርድ «ጋዙ አልቋል» የሚል ነው። ይህ ፍርድ አንዳንድ ጊዜ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ከሁለቱ ክፍሎች አንዱ በደንብ እየበረደ ሌላው ብቻ ሲሞቅ፣ ከሁሉ በፊት ሊጠረጠር የሚገባው ብርዱን ከላይ ወደ ታች የሚያደርሰው ትንሽ ማራገቢያ ነው። የፍሪጅ ጋዝ እንደ ቡታጋዝ እየተቃጠለ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ተበይዶ በታሸገ ቱቦ ውስጥ እየተመላለሰ የሚሠራ በመሆኑ፣ ቱቦው አንድ ቦታ ላይ ካልተበሳ ወይም ካልተሰነጠቀ በቀር ለብዙ ዓመታት ሳይጎድል ይቆያል። እኔም በቤቴ ፍሪጅ ላይ ሁለት ጊዜ ጋዝ ካስሞላሁ በኋላ ነበር የማራገቢያውን ክንፍ በጣቴ ለማዞር ሞክሬ ዘንጉ እንደተጣበቀ ያወቅሁት።

ማራገቢያው ምን ይሠራል?

በረዶ በማይጋግሩት፣ በተለምዶ ኖ ፍሮስት በሚባሉት ፍሪጆች ውስጥ፣ ቅዝቃዜው የሚፈጠረው ባብዛኛው በአንድ ቦታ ብቻ ነው። ይህም ቦታ ከፍሪዘሩ የኋላ ሽፋን ጀርባ የተቀመጠው፣ ቀጫጭን የአሉሚኒየም ቅጠሎች የተደረደሩበት ኢቫፖሬተር የተባለው ክፍል ነው። ማራገቢያው አየሩን በዚህ ክፍል ላይ እያሳለፈ ያቀዘቅዘውና ከፊሉን ወደ ፍሪዘሩ፣ ከፊሉን ደግሞ በግድግዳው ውስጥ ባለ መተላለፊያ ወደ ታችኛው ክፍል ይገፋዋል። ሞተሩ ሲቆም ፍሪዘሩ ለኢቫፖሬተሩ ቅርብ ስለሆነ ለጥቂት ቀናት ደህና መስሎ ይቆያል፤ የታችኛው ክፍል ግን የሚደርሰው አየር ስለሌለ መሞቅ ይጀምራል፣ ጋዙን በቱቦው ውስጥ የሚገፋው ኮምፕረሰርም ሙቀቱ አልወርድ ስላለው ያለ ዕረፍት ይሠራል። የመብራት ሒሳቡ ከፍ ብሎ ሲመጣ አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።

አንድ በር ያላቸውና በረዷቸው በእጅ የሚራገፍ አነስተኛ ፍሪጆች ግን ብዙውን ጊዜ ማራገቢያ የላቸውም። የእርስዎ ፍሪጅ በፍሪዘሩ ግድግዳ ላይ ወፍራም በረዶ ሲጋግር የኖረ ዓይነት ከሆነ ከዚህ በታች ያለው አይመለከተውም።

ምልክቱን ከምክንያቱ ጋር ማገናኘት

የመጀመሪያው ፈተና ምንም መሣሪያ አይፈልግም። በብዙ ፍሪጆች በሩ ሲከፈት ማራገቢያው እንዲቆም የሚያደርግ ማብሪያ በበሩ ጠርዝ ላይ አለ። ኮምፕረሰሩ እየሠራ ባለበት ጊዜ የፍሪዘሩን በር ከፍተው ይህንን ማብሪያ በጣትዎ ይጫኑና ያዳምጡ፤ እጅዎንም አየር ከሚወጣበት ቀዳዳ ፊት ያድርጉ። የሚሰማ ድምፅም የሚነካ ንፋስም ከሌለ ማራገቢያው ቆሟል ማለት ነው። ይሁንና ችኮላ እዚህ ላይ ያሳስታል። ፍሪጁ በየጊዜው፣ በቆዩት ባለ ታይመር ዓይነቶች ብዙውን ጊዜ በየ6 እስከ 12 ሰዓቱ፣ በኢቫፖሬተሩ ላይ የተጠራቀመውን አመዳይ በሂተር ያቀልጣል፤ ለ20 ወይም ለ30 ደቂቃ ያህል በሚቆየው በዚህ ሥራ ወቅት ኮምፕረሰሩም ማራገቢያውም ሆን ተብለው ይቆማሉ። ስለዚህ ከመፍረድዎ በፊት ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመልሰው ደግመው ይፈትሹ።

ድምፅም ብዙ ይናገራል። እንደ ወፍ ጫጫታ ያለ ወይም የሚያፏጭ ድምፅ ኖሮ የፍሪዘሩ በር ሲከፈት ወዲያው የሚጠፋ ከሆነ፣ ድምፁ የሚመጣው ከውስጠኛው ማራገቢያ ነው፤ ዘንጉ የሚሽከረከርበት ቀለበት ቅባቱ ደርቋል ወይም ተበልቷል። ድምፁ በሩ ተከፍቶም የሚቀጥልና ከኋላ ከታች በኩል የሚሰማ ከሆነ፣ ምንጩ ኮምፕረሰሩ ወይም ከአጠገቡ ያለው የውጪ ማራገቢያ ነው። ክንፉ አንድን ነገር እየመታ የሚያንኳኳ ከሆነ ደግሞ ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ በረዶ ወደ ክንፉ አድጎበት ሊሆን ይችላል።

የጋዝ ጉድለትን ከማራገቢያ ብልሽት የሚለየው ዋናው ነገር የኢቫፖሬተሩ መልክ ነው። ሽፋኑ ሲነሳ ቀጭን ነጭ አመዳይ ኢቫፖሬተሩን ከዳር እስከ ዳር ለብሶት ከታየ፣ የጋዙ ዑደት በአመዛኙ ደህና ነው፤ ችግሩ ብርዱን የሚያንቀሳቅስ መታጣቱ ነው። አመዳዩ በመግቢያው በኩል ጥቂት ቦታ ላይ ብቻ ተቀምጦ የቀረው ክፍል ባዶ ከሆነና ፍሪዘሩም ምግቡን በደንብ ማጠንከር ካቃተው፣ የጋዝ ማነስ ወይም የቱቦ መዘጋት ይጠረጠራል፤ ይህም የተበሳውን ቦታ ሳያገኝና ሳይበይድ ጋዝ የማይሞላ ባለሙያ ይፈልጋል። ኢቫፖሬተሩ በአንድ ድፍን የበረዶ ግግር ተውጦ ከተገኘ ግን ጥፋተኛው አመዳዩን የሚያቀልጠው ክፍል፣ ማለትም ሂተሩ፣ የሙቀት ፊውዙ፣ ቴርሞስታቱ ወይም ታይመሩ ነው። ይህ የመጨረሻው ብዙ ሰው ያሳስታል፤ በረዶው በእጅ ሲቀልጥ ፍሪጁ ለጥቂት ቀናት እንደ አዲስ ሠርቶ እንደገና ይሞቃልና። አዲስ ሞተር ተገዝቶ ከሳምንት በኋላ ያው ችግር ከተመለሰ፣ የተቀየረው ሞተር ምናልባት ምንም ያልሆነ ነበር።

ሽፋኑን መክፈት

ሶኬቱን ይንቀሉ፤ የሙቀት ማስተካከያውን ወደ ዜሮ ማዞር ብቻ ኤሌክትሪኩን ከፍሪጁ አያቋርጠውም። ባለ ኢንቨርተር ፍሪጅ፣ ማለትም የኮምፕረሰሩን ፍጥነት በኤሌክትሮኒክ ቦርድ የሚቆጣጠር ዓይነት ከሆነ፣ ቦርዱ ላይ ያሉት ኤሌክትሪክ የሚያከማቹ ካፓሲተሮች የያዙት ኃይል እስኪወጣ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ። በፍሪዘሩ ያለውን ምግብ ጎረቤት ዘንድ ማስቀመጥ ይሻላል፤ ካልሆነ በብርድ ልብስ ጠቅልለው አንድ ላይ አጥብቀው ያስቀምጡት። ሥራው ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፣ በረዶ ካለ ደግሞ ከዚያም በላይ።

መደርደሪያዎቹንና የበረዶ መሥሪያውን ካወጡ በኋላ የኋላውን ሽፋን የያዙትን ብሎኖች በካቻቪቴ ይፍቱ። ብሎኖቹ አንዳንድ ጊዜ በትናንሽ የፕላስቲክ ክዳኖች ሥር ስለሚደበቁ ሽፋኑ እምቢ ሲል ከመታገል በፊት እነዚህን ይፈልጉ። ሽፋኑ በጠርዙ በበረዶ ተይዞ ከሆነ መጎተት ፕላስቲኩን ይሰብረዋል፤ ሙቅ ውሃ የያዘ ሳፋ ፍሪዘሩ ውስጥ አስቀምጦ በሩን መዝጋት፣ ወይም ጊዜ ካለ በሩን ከፍቶ እስከ ማግስቱ መተው ይበቃል። በቢላ ወይም በካቻቪቴ በረዶ መፈልፈል ፈጽሞ አይገባም። የኢቫፖሬተሩ ቱቦ ስስ አሉሚኒየም ነው፤ በአንድ ጭረት ተበስቶ በርካሽ ሞተር የሚድነውን ፍሪጅ ከጥቅም ውጪ ያደርገዋል። በአሁኑ ጊዜ በብዙ የቤት ፍሪጆች ያለው አር600ኤ የተባለው ጋዝም ተቀጣጣይ ነውና ሻማም ሆነ ክብሪት በአካባቢው አይለኮስ። የጋዙ ዓይነት ከኮምፕረሰሩ ላይ ወይም ከፍሪጁ ጀርባ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ተጽፎ ይገኛል።

ከመንቀልዎ በፊት በስልክዎ ፎቶ ያንሱ፤ የሽቦዎቹን ቀለም፣ ክንፉ ወደየት እንደዞረና በዘንጉ ላይ ምን ያህል እንደገባ በግልጽ የሚታይበት ይሁን። ይህ ፎቶ በኋላ ገበያ ላይም ያስፈልግዎታል።

ሞተሩን መመርመር

ክንፉን በጣትዎ ቀስ አድርገው ያዙሩት። ጤነኛ ሞተር በትንሽ ግፊት ለስልሶ ይዞራል፤ የሚከብድ፣ የሚንቆራቆር ወይም ወደ ጎን የሚወዛወዝ ከሆነ ምርመራው እዚህ ላይ አብቅቷል፣ ሞተሩ ይቀየር። አንዳንዶች የደረቀውን ዘንግ የምግብ ዘይት ጠብ አድርገውበት ለጊዜው ያስነሱታል። ዘይቱ በብርድ ረግቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሞተሩን መልሶ ስለሚያቆመው እኔ አልመክረውም።

በቀላሉ የሚዞር ሆኖ የማይሠራ ከሆነ መለኪያ ያስፈልጋል። በሞተሩ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ። የቆዩት ፍሪጆች በቀጥታ በ220 ቮልት የሚሠራ ሞተር አላቸው፤ ይህንን ከሽቦው ነቅለው በቴስተር ሲለኩት በመቶዎች የሚቆጠር ኦም ማሳየት ይገባዋል፣ ምንም ካላሳየ ውስጡ ያለው የመዳብ ጥቅል ተቃጥሏል ወይም ተበጥሷል። ኤሌክትሪክ በሚመላለስበትና ኃይሉ ከፍና ዝቅ በሚልበት ሰፈር ይህ ዓይነቱ ቃጠሎ ብርቅ አይደለም። የኢንቨርተር ፍሪጆች ሞተር ግን ብዙውን ጊዜ በ12 ቮልት ዲሲ የሚሠራና በውስጡ ኤሌክትሮኒክስ ያለው ስለሆነ በኦም መለካት አስተማማኝ መልስ አይሰጥም። ባለ ሁለት ሽቦ ከሆነ 12 ቮልት የሚል ጽሑፍ ባለው የራውተር አዳፕተር፣ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ሳይገለባበጥ፣ ብቻውን ሊሞከር ይችላል። ሦስት ወይም አራት ሽቦ ያለው ፍጥነቱን ለቦርዱ የሚያሳውቅ ወይም ከቦርዱ ትእዛዝ የሚቀበል ስለሆነ ሙከራውን ለባለሙያ መተው ይሻላል።

ሞተሩ በዚህ ሙከራ ጥሩ ሆኖ ከተገኘ የሚቀረው ጥያቄ ኃይል ለምን አይደርሰውም የሚለው ነው። በቅድሚያ የበሩን ማብሪያ ይለኩ፤ ዋጋው እጅግ ዝቅተኛ ሆኖ ሳለ ብዙ ሞተሮች በእርሱ ጥፋት ተጥለዋል። ከዚያ እርጥበት ያዛገውን ማገናኛና አይጥ የበላውን ሽቦ ይመልከቱ፤ እነዚህ ሁሉ ደህና ከሆኑ ቦርዱ ይቀራል። 220 ቮልት ባለበት መስመር ላይ ፍሪጁን ሰክቶ መለካት ግን ልምድ ለሌለው ሰው የሚመከር ሥራ አይደለም።

ተለዋጩን መምረጥ

መርካቶ ሲሄዱ አሮጌውን ሞተር ይዘው ይሂዱ፤ «የሁለት በር ፍሪጅ ፋን» ብሎ መጠየቅ የሚያስገኘው የሻጩን ግምት ነው። መመሳሰል ያለባቸው ቮልቴጁ፣ የኤሲ ወይም የዲሲ መሆኑ፣ የዘንጉ ርዝመትና ውፍረት፣ የማገናኛው ቅርጽና የሽቦው ብዛት ናቸው። ከሁሉ የሚረሳው የመዞሪያ አቅጣጫው ነው። በመልኩ ፍጹም ተመሳሳይ የሆነ የኤሲ ሞተር በተቃራኒው አቅጣጫ የሚዞር ሊሆን ይችላል፤ ይህ ሲገጠም ድምፁ ይሰማል፣ ክንፉ ይዞራል፣ ንፋሱ ግን ወደ ኋላ ይሄዳል፣ የታችኛው ክፍልም አይበርድም። ሻጩ ሱቅ ውስጥ ሰክቶ እንዲያሳይዎ መጠየቅ ነውር የለውም። ከምናለሽ ተራ ያገለገለ ሞተር መግዛት ዋጋው ቢስብም፣ ቀለበቱ ምን ያህል እንደተበላ ከውጪ ስለማይታይ ለዚህ ዕቃ አዲሱን እመርጣለሁ።

ከአሜሪካ የመጣ ፍሪጅ ያላችሁ አንባቢዎች አንድ ተጨማሪ ነገር ልብ ማለት ይገባችኋል። ፍሪጁ የተሠራው ለ115 ቮልትና ለ60 ኸርዝ ነው፤ ትራንስፎርመሩ ቮልቱን ሲያስተካክል 50 ኸርዝ የሆነውን የአገራችንን ድግግሞሽ ግን አይለውጠውም። በዚህ ምክንያት የኤሲ ማራገቢያው ከታሰበለት ፍጥነት በታች ይዞራል፣ በላዩም 220 ቮልት ሞተር በስህተት ከተገጠመለት ጨርሶ ላይነሳ ይችላል።

መግጠምና መጠበቅ

ክንፉን ከአሮጌው ዘንግ ሲያወጡ በመሐሉ ይዘው ቀጥ አድርገው ይሳቡ፤ አንድ ጎኑን መጎተት ይሰነጥቀዋል፣ የተሰነጠቀ ክንፍ ደግሞ ሚዛኑን ስቶ አዲሱን ሞተር በአጭር ጊዜ ይጨርሳል። ሞተሩ የተቀመጠባቸውን የጎማ ትራሶች አይጣሉ፤ ያለ እነርሱ ንዝረቱ ወደ ግድግዳው ተላልፎ ሌሊት ቤቱን ይረብሻል። ማገናኛው የማይገጥም ሆኖ ሽቦ መቀጠል ግድ ከሆነ፣ ቦታው ሁልጊዜ እርጥብ ነውና በናስትሮ ብቻ መጠቅለል አይበቃም፤ በሙቀት የሚጠብቅ የፕላስቲክ ቱቦ ይጠቀሙ። ሽፋኑን ከመመለስዎ በፊት ክንፉ ምንም ሳይነካ መዞሩን በጣትዎ ያረጋግጡ፣ በኢቫፖሬተሩ ሥር ያለው የውሃ መውረጃ ቀዳዳም እንዳልተዘጋ ጥቂት ለብ ያለ ውሃ አፍስሰው ይዩ።

ፍሪጁ ከተሰካ በኋላ ብርዱ ወዲያው አይመለስም፤ የተረጋጋ ሙቀት ላይ ለመድረስ እስከ 24 ሰዓት ሊወስድ ይችላል። በማግስቱ የታችኛው ክፍል 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወይም ከዚያ በታች፣ ፍሪዘሩ ደግሞ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ አካባቢ መሆን አለበት። ቴርሞሜትር ከሌለ አንድ ብርጭቆ ውሃ በመሐለኛው መደርደሪያ ላይ አሳድሮ ጠዋት መቅመስ ለቤት ግምት ይበቃል። ምግቡን ሲመልሱ የአየር መውጫ ቀዳዳዎቹን በድስትና በፌስታል አይዝጓቸው፤ አዲሱ ሞተር የሚገፋውን አየር ድስቱ ካገደው ምልክቱ ልክ እንደ ቀድሞው ይሆናል።

የውጪው ማራገቢያ

ከኮምፕረሰሩ አጠገብ ማራገቢያ ያላቸው ፍሪጆች ላይ ይህኛው ሲቆም ምልክቱ ይለያል፤ ላይም ታችም እኩል ይሞቃል፣ የፍሪጁ ጀርባ እጅ አያስነካም፣ ኮምፕረሰሩም ግሎ ራሱን እያጠፋ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ያሰማል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ አቧራና የተጠቀለለ ፀጉር ነው፤ ሶኬቱ ተነቅሎ የጀርባው ሽፋን ከተፈታ በኋላ በለስላሳ ብሩሽ ማጽዳቱ ብቻውን ሊያስነሳው ይችላል። ካልተነሳ የመለካቱና የመምረጡ ሥርዓት ከላይ የተጻፈው ነው፤ ሥራው ግን ከውጪ በኩል ስለሆነ በረዶ ማቅለጥ አይጠይቅም።