የማሽላ አገዳ ሲያጥር፦ በዘር ወቅት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ ሲወርዱ መንገዱን ግራና ቀኝ የሚይዘው ማሽላ ነው። አንዱ ማሳ ሰው ይሰውራል፤ አጠገቡ ያለው ደረት አይደርስም። ሰው ቶሎ የሚያማው አፈሩን ወይም ማዳበሪያውን ነው። መቼ እንደተዘራ የሚጠይቀው ጥቂት ነው። ለወሎ ገበሬ ደግሞ አገዳ ትርፍ ነገር አይደለም። መኖ ነው፣ ማገዶ ነው፣ አጥር ነው።

የመጀመሪያውና ትልቁ ስህተት ረጅሙን ዘር አዘግይቶ መዝራት ነው። እንደ ደጋሊት ያሉ የአገር ዘሮች በልጉ ከጣለ በሚያዝያ ይዘራሉ። በልጉ ሲቀር ብዙዎች ያንኑ ዘር ይዘው እስከ ሐምሌ ይጠብቃሉ። ማሽላ ግን የሌሊቱን ርዝመት የሚለይ ሰብል ነው። በእኛ አካባቢ በሰኔ አጋማሽ ቀኑ 12 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ ይረዝማል፤ በታኅሣሥ ወደ 11 ሰዓት ተኩል ይወርዳል። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም ለአገር ዘሮች በቂ ነው። ሌሊቱ መርዘም ሲጀምር ተክሉ አዲስ ቅጠል መሥራቱን ትቶ ወደ ዘለላው ይዞራል። የሚያዝያው ዘር እስከዚያ ብዙ ቅጠል ሠርቷል። የሐምሌው ገና ቡቃያ ሳለ ይደርስበታል። እያንዳንዱ ቅጠል የራሱ አንጓ አለው፤ ስለዚህ ቅጠሉ ሲያንስ አንጓውም ያንሳል፣ አገዳውም ያጥራል።

አጠረ ማለት ግን ዝናቡ ሳይወጣ ደረሰ ማለት አይደለም። መስከረም ላይ ዝናቡ ሲቆም ፍሬው ገና ውሃ ይፈልጋል። ጊዜው ካለፈ ዘሩን ይቀይሩ። መልካምና ተሻለ የተባሉት ቶሎ ደራሽ ዝርያዎች ለአጭር ዝናብ የወጡ ናቸው።

በተቃራኒው፣ እነዚህን አጫጭር ዝርያዎች «አገዳው ይርዘምልኝ» ብሎ በሚያዝያ መዝራትም አያዋጣም። ቁመታቸው በዘራቸው የተወሰነ ነው። ፍሬው በክረምቱ መሀል ይደርስና ሻጋታ ይመታዋል። ከጎረቤት ቀድሞ የደረሰ ማሳ ላይ ደግሞ የወፍ መንጋ ይወርዳል።

ሌላው በመጀመሪያው ወር ተስፋ መቁረጥ ነው። በዚያ ጊዜ የሚታየው ቅጠል ብቻ ነው፤ የሚያድገው ጫፍ ገና ከአፈር በታች ወይም አፈሩ አጠገብ ነው። አገዳው የሚመዘዘው ከዚያ በኋላ ነው። ሺልሻሎው፣ ማለትም በቆመው ሰብል መካከል በበሬ ማረሱ፣ እና ዩሪያው የሚጠቅሙትም ያኔ ነው፣ እርጥበት ካለ።

ቁመት ብቻ አይቶ መፍረድም ያሳስታል። ይልቅ አንጓ ይቁጠሩ። አንድ ዓይነት ዘር በተለያየ ቀን ከተዘራባቸው ሁለት ማሳዎች አንዳንድ አገዳ ይውሰዱ። ያጠረው አንጓው ካነሰ ነገሩ የዘር ቀን ነው። አንጓው እኩል ሆኖ ርቀቱ ከተቀራረበ ግን ውሃ ወይም ማዳበሪያ አጥሮታል። ይህን የሚያደርግ ሰው ብዙም አላይም። በጣም ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ለከርሞ ዘር ለመምረጥ ከዚህ የተሻለ መረጃ የለም።

«ዘግይቻለሁና በብዛት ልዝራ» ማለትም አለ። የተጨናነቀ ማሽላ አገዳው ይቀጥናል፤ ንፋስ ሲመጣ ይጋደማል። በመስመር መካከል 75 ሳንቲ ሜትር፣ በተክሎች መካከል 15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ይበቃዋል።

የደሴን ዘመድ የዘር ቀን መከተልም ይቅር። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። ብርድ ባለበት ቅጠል የሚወጣው በዝግታ ነው፤ ስለዚህ ያው ዘር ደጋ ሲወጣ ብዙ ቀን ይፈጃል።

በመጨረሻ ስለ ከብቶች። ዘግይቶ ተዘርቶ በድርቅ የቀጨጨ ለጋ ማሽላ፣ ወይም ከታጨደ በኋላ እንደገና ያቆጠቆጠው፣ ሳያናይድ የሚባል መርዝ ያመነጫል። ላም ሊገድል ይችላል። ሰብሉ ከከሸፈ ከብት በቀጥታ አይልቀቁበት፤ አጭደው በደንብ ያድርቁትና ያብሉ።