የኒካራጓ ሲጋር ስታጣጥሙ እነዚህን ስህተቶች አትስሩ

የኒካራጓ ሲጋር ሲነሳ ቶሎ ሚመጣው ወሬ "እሱማ ኃይለኛ ነው፣ ጉሮሮ ይቧጥጣል፣ ራስ ያዞራል" ሚል ነው። ኃይለኛ የሆኑ የሉም አልልም፣ አሉ፣ ግን እኔ እስካየሁት ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ሲጋሩን ያመረረው ቅጠሉ ሳይሆን አጫሹ ነው፣ ያውም በችኮላው። ገበሬው ወራት የለፋበት፣ ተከምሮ በራሱ ሙቀት እየተገላበጠ የበሰለ፣ ከዛም ለዓመታት የተኛ ቅጠል ሀያ ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ነድዶ አልቆ "ምኑ ነው ሚወደደው?" ሲባል በጣም ነው ሚያናድደኝ። ስለዚህ ሰው ደጋግሞ ሲሳሳት ማያቸውን ነገሮች አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ጭሱን ወደ ሳንባ መሳብ። ከሲጋራ ወደ ሲጋር የመጣ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ይሄን ያደርጋል። የሲጋር ጭስ አፍ ውስጥ ትንሽ ቆይቶ ጣዕሙን ሰጥቶ ይወጣል እንጂ ወደ ታች አይወርድም። የሲጋር ጭስ አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) ስለሆነ ኒኮቲኑ በአፍ ውስጠኛ ቆዳ በኩል በደንብ ይገባል፣ አንድ ትልቅ ሲጋር ደግሞ ብቻውን የአንድ ፓኮ ሲጋራ ያህል ትምባሆ ሊይዝ ይችላል፣ እና ይሄን ሳንባ ውስጥ ስትከቱት ላብ በላብ ሆናችሁ ማቅለሽለሽ ቢጀምራችሁ ምንም አይገርምም። በባዶ ሆድም አትለኩሱ፣ በልታችሁ ይሁን፣ አጠገባችሁም ጣፋጭ ነገር ይኑር፣ ራስ ማዞር ከጀመረ ሲጋሩን አስቀምጣችሁ ስኳር ያለው ነገር ጠጡ። እዚህ ላይ ግን "ጭሱን ስለማላስገባው አይጎዳኝም" ሚባለውን ነገር እንዳታምኑ። የአፍ፣ የጉሮሮና የምግብ ቧንቧ ካንሰር ከሲጋር ጋር ይመጣል፣ ሱስም ያስይዛል። ማያጨስ ሰው በኔ ጽሁፍ ምክንያት እንዲጀምር በፍጹም አልፈልግም፣ ሚያጨስ ደግሞ አልፎ አልፎ፣ አውቆና አክብሮ ያጭስ ነው ምለው።

ሁለተኛው ስህተት "የኒካራጓ" ሲባል ሁሉንም አንድ አድርጎ ማሰብ ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ደስ ሚለው ክፍል ይሄ ነው። የኒካራጓ ትምባሆ በዋናነት ከአራት ቦታ ይመጣል። ኤስቴሊ ከዋና ከተማዋ ማናጓ በስተሰሜን ያለ ሸለቆ ነው፣ አፈሩ ጥቁርና ከባድ የእሳተ ገሞራ አፈር ነው፣ ቅጠሉ ወፍራም፣ ቅባታም፣ በርበሬ በርበሬ ሚል፣ "ኃይለኛ ነው" ሚያስብለው እሱ ነው። ሃላፓ ግን ወደ ሆንዱራስ ድንበር ተጠግቶ ነው ያለው፣ አፈሩ ቀላ ይላል፣ ቅጠሉ ለስለስ ያለና ጣፈጥ ሚል ነው፣ ለውጪው መጠቅለያም ይወደዳል። ኮንዴጋ በሁለቱ መሀል ነው፣ በቦታም በጣዕምም። አራተኛው ኦሜቴፔ ሚባለው በኒካራጓ ሀይቅ ላይ በሁለት እሳተ ገሞራዎች የተሰራ ደሴት ነው፣ ከሱ ሚመጣው ቅጠል የአፈርና የማዕድን አይነት ጣዕም ይዞ ትንሽ ጣፋጭነት አለው። እና ጎበዝ ቀማሚ እነዚህን አመዛዝኖ ነው አንዷን ሲጋር ሚሰራት፣ ኤስቴሊ የበዛበትና ሃላፓ የበዛበት ፍጹም ሌላ ነገር ናቸው።

ደግሞ ኤስቴሊ ተጠቀለለ ማለት ቅጠሉ በሙሉ ከኒካራጓ ነው ማለት አይደለም። ሁሉም ቅጠል ካንድ ሀገር ሲሆን ፑሮ ይባላል፣ የፓድሮን ሲጋሮች እንደዛ ናቸው። የድሩ ኢስቴት ሊጋ ፕሪቫዳ ቁጥር 9 ግን ኤስቴሊ ይሰራ እንጂ ጥቁሩ መጠቅለያው ከአሜሪካ ኮኔክቲከት የመጣ ብሮድሊፍ ሚባል የትምባሆ አይነት ነው። የኦሊቫ ኮኔክቲከት ሪዘርቭ ደግሞ ኢኳዶር የበቀለ ነጣ ያለ መጠቅለያ ለብሶ ቀለል ያለ፣ ክሬም ክሬም ሚል ነው። "የኒካራጓ አልችልም" ሚል ሰው ከነዚህ ቀለል ካሉት ሳይጀምር አልችልም ማለት የለበትም ባይ ነኝ።

ከየት እንደመጣ ማወቁም ጣዕሙን ያግዛል። ከኩባ አብዮት በኋላ የተሰደዱ ትምባሆ አብቃዮች ናቸው ዘሩንም ሙያውንም ይዘው ኒካራጓ የገቡት። በሀገሪቱ አንጋፋ የሆነው የፕሪሚየም ሲጋር ፋብሪካ ሆያ ዴ ኒካራጓ በ1968 ተመሰረተ። ሆሴ ኦርላንዶ ፓድሮን ማያሚ ላይ በትንሽ መዶሻ አናጢነት እየሰሩ ባጠራቀሙት 600 ዶላር በ1964 ስራ ጀመሩ፣ በ1970 ወደ ኒካራጓ ዞሩ፣ በ1978 በሀገሪቱ አምባገነን ገዢ በሶሞዛ ላይ በተነሳው አመፅ ጊዜ የኤስቴሊው ፋብሪካቸው ተቃጠለ፣ እንደገና ሰሩት። በ1985 ደግሞ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሬጋን በኒካራጓ ላይ የንግድ ማዕቀብ ጣሉ፣ እስከ 1990 ድረስ ዋናው ገበያ ተዘጋ ማለት ነው። ዛሬ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ምናያት ሲጋር ይሄን ሁሉ አልፋ ነው የመጣችው፣ እና በጥድፊያ ማቃጠል ይከብደኛል።

ሌላው ጥቁር ሲጋር ሁሉ ኃይለኛ፣ ነጣ ያለ ሁሉ ቀላል ነው ብሎ በቀለም መምረጥ ነው። ማዱሮ ሚባለው ጥቁሩ መጠቅለያ ጥቁር የሆነው ረዘም ያለ ጊዜ በሙቀት ስለበሰለ ነው፣ እንደውም ብዙ ጊዜ ቸኮሌት ቸኮሌት ሚል ጣፋጭነት ነው ሚሰጠው። ጉልበቱ በአብዛኛው ከውስጥ ካለው ቅጠል ነው ሚመጣው፣ በተለይ ሊጌሮ ከሚባለው። ሊጌሮ የተክሉ ጫፍ ላይ ያለ፣ ፀሐይ በደንብ ያገኘው ወፍራም ቅጠል ነው፣ መሀል አካባቢ ያለው ሴኮ ሽታውን ይሰጣል፣ የታችኛው ቮላዶ ደግሞ እሳቱ እንዳይጠፋ ይረዳል። ይሄን ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አቀማመጥ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ዱባይ ወይም ፍራንክፈርት ዱቲ ፍሪ ገዝቶ አዲስ አበባ ያመጣና ቁምሳጥን ውስጥ ይከታል፣ ከወር በኋላ ሲያወጣው ደርቆ እንደ ኮሸሮ ይሰነጠቃል። ሲጋር ከ65 እስከ 69 ፐርሰንት እርጥበት ይፈልጋል፣ የአዲስ አበባ የበጋ አየር ደግሞ ደረቅ ነው፣ ገልፍ ያላችሁም ኤሲ ቀኑን ሙሉ ሚሰራበት ክፍል ውስጥ ያው ነው። የደረቀ ሲጋር ቶሎ ይነዳል፣ ቶሎ ሲነድ ይግላል፣ ሲግል ያቃጥላል፣ ከዛ ስሙ ሚጠፋው ኒካራጓ ነው። ውድ ሂውሚዶር (እርጥበት ሚጠብቅ የሲጋር ሳጥን) የግድ አይደለም፣ አየር ማያስገባ የምግብ ዕቃና እርጥበት ሚጠብቅ የቦቬዳ ፓኬት በቂ ነው። ፍሪጅ ውስጥ ግን አታስቀምጡ፣ ያደርቀዋል፣ የምግብ ሽታም ይጠጣል። ከ25 ዲግሪ በላይ ሙቀት ላይም አትተዉት፣ የትምባሆ ጥንዚዛ እንቁላል ካለበት ይፈለፈልና መጠቅለያውን በመርፌ እንደተወጋ አድርጎ ይበሳዋል።

አቆራረጥ ላይ ነገሩ አጭር ነው፣ ብዙ አትቁረጡ። በአፍ በኩል ያለው ጫፍ ላይ ቆብ የመሰለች ክብ ቅጠል ተለጥፋለች፣ መስመሯ ቀረብ ብሎ ሲታይ ይለያል፣ ከመስመሯ በላይ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ቆርጣችሁ አቁሙ። ከሷ ካለፋችሁ ሙሉው መጠቅለያ እጃችሁ ላይ ይተረተራል። በጥርስ መንከስ በፍጹም። ከቆረጣችሁ በኋላ ሳትለኩሱ አንዴ ሳብ አድርጉት፣ አየሩ በቀላሉ ከመጣና ድርቆሽ ወይም ኮኮዋ የመሰለ ጣዕም ካለው ጥሩ ነው። የአሞኒያ ሽታ ከሸተታችሁ ግን ቅጠሉ ገና ነው፣ መልሳችሁ ጥቂት ወራት አስተኙት።

ስትለኩሱ የቤንዚን ላይተር፣ ሻማ ወይም የክብሪት ድኝ ገና እየነደደ አትጠቀሙ፣ የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት በሙሉ እሱን እሱን ነው ሚላችሁ። ቡቴን ጋዝ ሚጠቀም ላይተር ይሁን። ነበልባሉንም ሲጋሩ ላይ አትለጥፉት፣ ጫፉን ከነበልባሉ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ በእጃችሁ እያዞራችሁ መጀመሪያ ዳር ዳሩን አጥቁሩት፣ ቀስ እያለ ወደ መሀል ይግባ፣ ከዛ ወደ አፍ ወስዳችሁ እያዞራችሁ አንድ ሁለቴ ሳብ። አውጡትና ጫፉን እፍ በሉት፣ በሙሉ እኩል ከቀላ በትክክል ተለኩሷል፣ አንድ ጎን ጥቁር ሆኖ ከቀረ እዛች ቦታ ላይ ብቻ ትንሽ እሳት ጨምሩ። እዚህ ላይ የተቆጠባት ደቂቃ በኋላ ባንድ ጎን ብቻ እየነደደ ታስቸግራችኋለች።

አሁን ዋናው ስህተት፣ ፍጥነት። ቅድም ሊጌሮ ያልኩት ቅጠል ወፍራምና ቅባታም ስለሆነ ቀስ ብሎ ነው ሚነደው፣ ስለዚህም ሲጋሩን ሚጠቀልለው ሰው መሀል ላይ ያደርገዋል። አመዱ ሲወድቅ ፍሙን ቀረብ ብላችሁ እዩት፣ በደንብ የተጠቀለለ ከሆነ መሀሉ እንደ ሾጣጣ ወጣ ብሎ ይታያል፣ ያ ሊጌሮው ነው፣ ከዳሩ ዘግይቶ እየነደደ ማለት ነው። በየአስር ሴኮንዱ ስትስቡት ሙቀቱ ከመጠን በላይ ይወጣል፣ በዛ ሙቀት ቅባቱ ጣዕም መሆኑ ቀርቶ መራራ ታር ይሆናል፣ ኮኮዋውም ቡናውም ይጠፋና ሚቀረው ምላስ ሚያቃጥል ነገር ብቻ ነው። በደቂቃ አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ በቂ ነው። ሮቡስቶ ሚባለው 127 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው መጠን ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት መቆየት አለበት፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ካለቀ ሩጫ ነበር። በጣታችሁና በከንፈራችሁ ላይ ሙቀቱ ከተሰማችሁ ሁለት ሶስት ደቂቃ አስቀምጡት፣ ቢጠፋም ይጥፋ፣ አመዱን አራግፋችሁ ወደ ውጪ እፍ ብላችሁ የታፈነውን ጭስ ካስወጣችሁ በኋላ እንደገና መለኮስ ይቻላል፣ ነውር የለውም።

አፍንጫን መርሳት ደግሞ ግማሹን ጣዕም መጣል ነው። ምላስ ጣፋጭ፣ መራራ፣ ጎምዛዛ ይለያል እንጂ የለውዝ፣ የቆዳ፣ የጽድ እንጨት፣ የቁንዶ በርበሬ ምናምን ሚባለው ሁሉ ሽታ ነው። አፋችሁ ውስጥ ካለው ጭስ አብዛኛውን በአፍ አውጡትና የቀረችውን ትንሿን በአፍንጫ ልቀቋት፣ ሳንባ ውስጥ ሳትገባ። መጀመሪያ ይቆጠቁጣል፣ በተለይ የፔፒን ጋርሲያ ቤት ማይ ፋዘር ሲጋሮች ገና ሲለኮሱ በርበሬያቸው ኃይለኛ ነው፣ ስለዚህ በሁሉም ስበት አታድርጉት፣ በየአምስት ስድስቱ አንዴ ይበቃል። እዛው ጋር ሚያያዝ ስህተት በመጀመሪያዎቹ አስር ደቂቃዎች ፍርድ መስጠት ነው። ያ በርበሬ ከአንድ ሶስተኛው በኋላ ብዙ ጊዜ ይረግባል፣ መሀሉ ላይ ነው ኮኮዋና ጣፋጭነቱ ሚመጣው፣ መጨረሻው ላይ እንደገና ይበረታል። እዛ ያልደረሰ ሰው ስለዚያ ሲጋር ማውራት ያለበት አይመስለኝም።

ከምን ጋር እንደምትጠጡም አስቡበት። ብዙ ሰው ውስኪ ይደራርባል፣ ከሁለተኛው ብርጭቆ በኋላ ግን ጣዕም ሚለየው ሰው የለም። እኛ ቡና አለን፣ ግን ቡናም ይመረጣል፣ የታጠበ ይርጋጨፌ አበባ አበባ ሚለው ለስላሳ ነገሩ በኤስቴሊ ጭስ ስር ይጠፋል፣ ለሱ ቀለል ያለ የኮኔክቲከት መጠቅለያ ነው ሚስማማው። ለከባዱ ሲጋር ግን ጠቆር ብሎ የተቆላ የጀበና ቡና ወይም ሐረር ይሻላል። አዲስ ሲጋር ስትሞክሩ ደግሞ መጀመሪያ በውሃ ብቻ አጣጥሙት፣ ጣዕሙን ካወቃችሁት በኋላ ነው ሌላ ነገር ሚጨመረው።

ጥቃቅኖቹን ቶሎ ቶሎ ልበላቸው። ሲጋሩ ላይ ያለውን የወረቀት ቀለበት ገና ሲለኮስ አትንቀሉት፣ ሙጫው መጠቅለያውን ይዞ ይቀደዳል፣ ሙቀቱ ሲጠጋው በራሱ ይላላል። አመዱን በየስበቱ አታራግፉ፣ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ይቆይ። የፓድሮን "1964" ወይም "1926" ሚባሉትን ሲጋሮች ስትገዙ ሁለተኛዋ ቀለበት ላይ ቁጥር መኖሩን እዩ፣ ያለቁጥር ከሆነ አትግዙ።

የመጨረሻው "ከፍዬበታለሁ" ብሎ ጣት እስኪያቃጥል ማጨስ ነው። ጭሱ ሞቅ ብሎ መራራ መሆን ከጀመረና አስቀምጣችሁት ካልተሻለው አልቋል፣ አንድ ሶስተኛው ቢቀርም አልቋል። እንደ ሲጋራ መተርኮሻ ላይ አትተርኩሱት፣ ሲደፈጠጥ ነው ያ ልብስ ላይ ሚቀረው ሽታ ሚወጣው፣ መተርኮሻው ጠርዝ ላይ አሳርፉት በራሱ ይጠፋል። ግማሽ የቀረውን ለነገ ብላችሁ ደግሞ ከሌሎቹ ጋር እንዳታስቀምጡት፣ ሌሊቱን አመድ አመድ ሚል ሽታ ይዞ ያድርና ደህናዎቹንም ያበላሽባችኋል።